ጣሳ የሌለው አረቄ ቤት

ጠጪ ሰው መጠጥ የሚተወው ራሱ ቆርጦ ሲነሣ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። አባቴ በየሰኞው ቆርጦ ይነሣ ነበር። ነገሩ በቁርጠኝነት ቢሆን ኖሮ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ጤነኛ አይገኝም ነበር። በማርያም ምሏል፣ በልጆቹ ምሏል፣ በአባቱ ዕድሜ ምሏል። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩለትም ካቶሊክነቱን ለአንድ ከሰዓት አሳርፎ "አሜን" እያለ አልቅሷል። መሐላው ሁሉ ከልቡ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ግን ያልቃል።

ስለ ፈቃድ ጥንካሬ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ የተማሩ ናቸው፤ ሐሙስን ግን አያውቋትም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ሆሳዕና ሄጄ ስለነበር ነው። ከገበያው ጀርባ ባለችው ቁልቁለት ስወርድ አንዲት ሴት ከግቢዋ ወጥታ አንድ ባልዲ አተላ ቦይ ውስጥ ደፋች። አጠገቤ የቆመው የባጃጅ ሾፌር አፍንጫውን ያዘ። እኔ እዚያው ቀረሁ። የአረቄ አተላ ሽታ ጎምዛዛ ነው፤ የተቃጠለ እህል፣ ጌሾና እርጥብ አመድ አንድ ላይ። ለባጃጁ ሾፌር ክርፋት ነው። ለእኔ አሥር ዓመት የሞላኝ ክረምት ነው።

በዚያ ክረምት ሥራ ነበረኝ፤ አባቴን ከአረቄ ቤት መጥራት።

እናቴ የከምባታ ሰው ናት፣ የሀደሮ ልጅ። አባቴ ሀዲያ ነው፣ የሌሞ ሰው። ሲጣሉ እሷ በከምባትኛ፣ እሱ በሀዲይኛ ነበር፤ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንድም ስድብ ባክኖ አይቀርም። አማርኛ የሚያወሩት ሲታረቁ ነው። ስለዚህ በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ጠዋት እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ስትናገረው፣ የታረቁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

"ዮሐንስ፣ እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ" አለችው። "የመስቀል ዕለት አንድ መለኪያ ከቀመስክ ልጆቼን ይዤ ሀደሮ እገባለሁ። አልመለስም።"

"እሺ" አለ አባቴ።

"እሺ አትበለኝ። እሺ ስትል ኖረህ ቃሉን አበላሸኸው።"

ሀደሮ ማለት ለእኔ ዝንጅብል፣ አቮካዶና የአጎቶቼ ልጆች ናቸው። ለታናሽ ወንድሜ ለሳሙኤል ወዲያው ነገርኩት፤ ሁለታችንም ጉዞውን በደስታ ስንጠብቅ ሰነበትን። ነገሩ የገባኝ እናቴ ልብስ ስታጣጥፍ ሳያት ነው። የእኛን ሳጥን ውስጥ ታስገባለች፤ የአባቴን ሸሚዞች ደግሞ እኩል አጣጥፋ አልጋው ላይ ትተዋቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝንጅብል አላማረኝም።

አረቄ ቤት በራፉ ላይ እንጨት ይተከልና ጣሳ ይደፋበታል። ከሰፈራችን እስከ ገበያው ያሉትን ጣሳዎች በሙሉ፣ የትኛው እንደዛገና የትኛው እንደተጣመመ ሳይቀር አውቅ ነበር። እናቴ ያወጣችልኝ ደንብ አንድ ነው፤ ውስጥ አልገባም። በራፍ ላይ ቆሜ "አባዬ፣ እማዬ ትፈልግሃለች" እላለሁ።

አባቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ስለሚያስተምር ጠጪዎቹ ሁሉ "ቲቸር" ነበር የሚሉት።

"ቲቸር፣ ደወል ተደውሏል" ይላል አንዱ።

"ልጅቷ ዩኒት ሊደር ናት እንዴ?" ይላል ሌላው።

ሁሉም ይስቃሉ፤ አባቴም አብሮ ይስቃል። ሲወጣ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል። የፍቅር ነው ብዬ አስብ ነበር። የፍቅርም ነበረ፣ የመደገፊያም ነበረ።

ከቤቶቹ መካከል አንዱን ብቻ አልጠይቅም ነበር፤ የእትዬ አበበችን። እትዬ አበበች በከተማው የታወቀች አረቄ አውጪ ነበረች። በዚያ ዓመት ፋሲካ ላይ ጣሳዋን አወረደች። ሰዎቹ ግን መግባታቸውን አልተዉም። ያውም ማን? ጋሪ ነጂው ጋሽ ሎዳሞ፣ ፈረሱ ብቻውን ቤቱ የሚያደርሰው። አናጢው ጋሽ ኤርጫፎ፣ በጠዋት መዶሻ መያዝ የማይችለው። ድሬሰሩ ጋሽ ጴጥሮስ፣ መርፌ ሲወጋ ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አጎንብሰው ይገባሉ። ሰፈሩ ማብራሪያ አላጣም፤ አረቄዋ ከመጠን በላይ ስለበረታ የምታውቃቸውን ብቻ ነው የምታስገባው ተባለ። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን አባቴን ይዤ ስንመለስ በዚያ በኩል አለፍን።

"አባዬ፣ አንተ እዚህ ለምን አትገባም?"

"እዚህ የሚገቡት ሰካራሞች ናቸው" አለኝ። ይህን ሲል ላለመውደቅ የእትዬ አበበችን አጥር ይዞ ነበር።

ጳጉሜ ገባ። አንድ ጠዋት አባቴ ለተማሪዎች ምዝገባ ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ሰው መጥቶ "ቲቸር ምነው ቀረ? መዝገቡ እሱ ዘንድ ነው" አለ። እናቴ እኔን አየችኝ።

ዝናቡ መሬቱን አጨቅይቶታል። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አዳረስኩ። "ዛሬ አላየነውም" አሉኝ ሁሉም። የመጨረሻው ጣሳ ጋ ስደርስ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ ነበር። ወደ ቤት ባዶ እጄን ብመለስ እናቴ ዛሬውኑ ሳጥኑን የምታነሣ መሰለኝ። ስለዚህ ወደ እትዬ አበበች በር ሄድኩና አሰብኩ፤ አትግቢ የተባልኩት ጣሳ ያለበት ቤት ነው። እዚህ ጣሳ የለም። ገባሁ።

ግድግዳው አሁንም አረቄ አረቄ ይሸታል። ግራና ቀኝ ባሉት አግዳሚዎች ላይ ስምንት የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ትልቅ ጣሳ በሁለት እጁ አቅፏል፤ ከጣሳው እንፋሎት ይወጣል። የገብስ አጥሚት ነበር። ያስፈራኝ ግን አለመሳቃቸው ነው። የማይስቁ ጠጪዎች አይቼ አላውቅም። ጋሽ ኤርጫፎ መሬት መሬት እያየ ይናገራል።

"…ለእናቴ የሬሳ ሳጥን የገዛሁትን ጣውላ ነው የጠጣሁት" አለ። "ጎረቤት በሰሌን ጠቅልሎ ቀበራት። እኔ አልነበርኩም።"

ጣውላ እንዴት እንደሚጠጣ አልገባኝም፤ አናጢ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ማንም "አይዞህ" አላለውም፣ ማንም አልመከረውም። ከጎኑ ያለው ሰው ብቻ የቀዘቀዘውን ጣሳ ወስዶ ትኩሱን ሰጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ሰው ጥፋቱን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ትልልቅ ሰዎች ጥፋት የላቸውም፤ ምክንያት ነው ያላቸው። እዚያ በሩ ላይ ቆሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝና ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ።

እትዬ አበበች ያኔ አየችኝ። አጭር፣ ወፍራም፣ ክንዶቿ በእሳት የተለበለቡ ሴት ነበረች።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የቲቸር ዮሐንስ። አባዬ እዚህ አለ?"

ሰዎቹ ተያዩ።

"መጣ እንዴ?" አለ ድሬሰሩ፣ ከማዕዘኑ አንገቱን አስግጎ።

"የመጣችው ልጁ ናት" አለች እትዬ አበበች። "የት የት ፈለግሽው፣ የኔ እናት?"

በየበራፉ ያሉትን ጣሳዎች በተርታ ነገርኳቸው። አንድም አልሳትኩም።

"አቤት" አለ ጋሽ ሎዳሞ፣ "እኔ እንኳ እንዲህ አላውቃቸውም።" ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም መልሶ አፈረ።

"አንድ ቀርቷታል" አለ ጋሽ ኤርጫፎ። "የሌሞ መንገድ ላይ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለችው። እሷን ልጅ አያውቃትም።"

ይህን ብሎ ተነሣ። ጋሽ ሎዳሞም ተነሣ፤ ድሬሰሩም። እኔ ጠርቼ ማንም ያልተነሣበት ቤት አልነበረም፤ ግን ሁልጊዜ የሚነሣው አንድ ሰው ነው፣ እሱም እያጉረመረመ። ያን ቀን ሳልጠራቸው ሦስት ሰዎች ተነሡ።

አባቴን ከድልድዩ ማዶ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አገኘነው። አንድ ጫማ የለውም። ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ጃኬቱን አውልቆ የምዝገባውን መዝገብ ጠቅልሎበታል። እሱ በስብሷል፤ መዝገቡ ደረቅ ነው። ጋሽ ሎዳሞ ከጋሪው ወርዶ፣ ሱሪውን ሳይሰበስብ፣ ጭቃው ላይ ከጎኑ ቁጭ አለ።

"እንደምን ዋልክ፣ ቲቸር?"

"ሰክሬአለሁ፣ ሎዳሞ።"

"አየሁ። እኔም እዚችው ቦታ ተኝቼባታለሁ። ትንሽ ወደዚያ ብትል ጎርፉ አይደርስብህም።"

አባቴ ትንሽ ወደዚያ አለ።

"ነገ እተዋለሁ" አለ ቀጥሎ።

"ነገን ተዋት። አሁን ጋሪው ላይ ውጣ።"

እኔን ያየኝ ጋሪው ላይ ሲወጣ ነው። ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ እስከ ከተማ ድረስም አልመለሰውም። እትዬ አበበች በር ስንደርስ ግን አልወርድም አለ።

"ሰው ያየኛል።"

"ያይሃል" አለ ጋሽ ኤርጫፎ።

"ምን ይላል?"

"ቲቸር ደግሞ ሊጠጣ ገባ ይላል። ሌላ ምን ይላል?"

አባቴ አሰበ። ከዚያ ሳቀና አጎንብሶ ገባ።

የዚያን ሳቅ ትርጉም ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በእኛ ከተማ አረቄ ቤት የገባ ሰው ይታዘንለታል። ሊድን የገባ ሰው ግን መታመሙን አመነ ማለት ነው፤ ያ ነው ውርደቱ። ስለዚህ ሰዎቹ ሊድኑ የሚችሉት ከተማው ሊጠጡ የሚገቡ እስከመሰለው ድረስ ብቻ ነበር። እትዬ አበበች ይህን አውቃ ክፉ ስሟን ለሽፋን ሰጠቻቸው። የራሷ ቤተ ክርስቲያን አረቄ አውጪ ናት ብላ ከአባልነት አግዳት ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ እገዳው ይነሣላታል። አልተነፈሰችም። እሑድ እሑድ ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ መዝሙሩን ታዳምጥ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ስለ ቅዱሳን በሰንበት ትምህርት ቤት እየተማርኩ ነበር፤ ሥዕላቸው ላይ ሁሉም ቀጫጭን ስለሆኑ አንዷ ጎረቤታችን ትሆናለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አበበች እኛ ቤት መጣች። እናቴ ግቢ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻትም።

"ባሌን ያጠጣሽው አንቺ አይደለሽ?"

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ አበበች። "ከእኔ ቤት ጠጥቶ የወጣ ሰው ቦይ ውስጥ ሞቶ አደረ። ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አላወጣሁም።"

"ታዲያ አሁን ምን ቀርቶሽ ነው የመጣሽው?"

"ዊጆ አለሽ?"

ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። ሁሉም ቅቤአቸውን ይዘው ይመጡና ተራዋ ለደረሰ አንዲት ሴት ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ለሌላዋ።

"አለኝ" አለች እናቴ፣ ግራ ገብቷት።

"የእኛም እንደዚያ ነው። ሰዎቹ ቀናቸውን ያዋጣሉ። ከዛሬ እስከ መስቀል ተራው የባልሽ ነው።"

"ቀን ምን ይሠራልኛል?"

"ለብቻው አይተዉትም።"

"ሰካራምን በሰካራም ላስጠብቅ?"

"ያልሰከሩት መቼ መጡልሽ?" አለች እትዬ አበበች።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "መስቀል ግን መስቀል ነው" አለች። "ቀኑን አልቀይርም።"

ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ጎሕ ሲቀድ አንዱ ይመጣል፣ ቀትር ላይ ሌላው ይተካዋል። በራፋችን ላይ አግዳሚ አውጥተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ወንዶች ከበራፍ ዝም ብለው ሲቀመጡ ትርጉሙ አንድ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ንፍሮ ይዛ መጣች። አባቴ ሞቶ የደበቁኝ መሰለኝና ሮጬ መጋረጃውን ገለጥኩ። አልሞተም። አልጋው ላይ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል፤ አንሶላው በላብ ተነክሯል። ድሬሰሩ በማንኪያ ውሃ ያጠጣዋል።

"ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነት ያምፃል" አላት ለእናቴ። "ሰው ይሞትበታል። መቃዠት ወይም መውደቅ ከጀመረ ሳትጠይቂኝ ሆስፒታል ነው።" ያ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማንኪያዋን ጠብታ ሳያፈስ ያደርሳት ነበር። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ንፍሮውን ጋሽ ሎዳሞ በላው። ፈረሱ ደግሞ የእናቴን ጎመን በላ። እናቴ በከምባትኛ ሰደበችው፤ እሱ በሀዲይኛ ይቅርታ ጠየቃት፤ በመጨረሻ ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ኤርጫፎ ሳይጠየቅ የጓዳችንን በር አስተካከለ፤ ምስማሩን ሲመታ በየመሐሉ እያቆመ እጁን ያይ ነበር፣ የሰው ዕቃ የተዋሰ ይመስል። ትምህርት ሲከፈት አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ጠዋት ድሬሰሩ፣ ማታ ጋሪ ነጂው በጣሳዎቹ ፊት አጅበው ያሳልፉታል። "ቲቸር በሰካራም ታጀበ" ብሎ ከተማው ሳቀ። እናቴ ግን ሳጥኑን አልፈታችም።

መስቀል ደረሰ። በዓሉን የምንውለው ሌሞ፣ የአባቴ አባት ቤት ነው። በዚያ ቤት ሥርዓት አያቴ ይመርቅና የመጀመሪያውን የአረቄ መለኪያ በእጁ ለበኩር ልጁ ይሰጣል። በኩሩ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥጋው የሚቀመሰው። በኩሩ አባቴ ነው። ከአባት እጅ መለኪያ አልቀበልም ማለት ምርቃት አልቀበልም ማለት ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

እናቴ በር አጠገብ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ሳሙኤልን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሳጥኑ ከእኛ ጋር መጥቶ ነበር፤ ከሌሞ በቀጥታ ሀደሮ የሚያደርሰን መኪናም ጠይቃለች። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አባቴም ያውቃል።

አያቴ ሊመርቅ ሲነሣ ውጭ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሎዳሞ፣ ጋሽ ኤርጫፎና ድሬሰሩ ታጥበው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ገቡ። በእኛ አገር ለመስቀል ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመስቀል ዕለት የራሱን ቤት፣ የራሱን ሥጋ፣ የራሱን ልጆች ትቶ ሰው ቤት የሚውል ወንድ የለም። እነዚህ ሦስቱ ዋሉ።

"እነዚህ የማን ናቸው?" አለ አያቴ።

"የእኔ ናቸው" አለ አባቴ።

አያቴ መረቀ። መለኪያውን ሞልቶ ዘረጋ። የአባቴ እጅ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አባባ፣ አልቀበልም።"

ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚከትፈው ቢላዋ እንኳ ቆመ።

"ምርቃቴን ነው የማትቀበለው?"

"ምርቃትዎን እፈልጋለሁ። አረቄውን ነው የማልቀበለው። እኔ ሰካራም ነኝ።" ይህን የተናገረው በሀዲይኛ ነው፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር።

አያቴ መለኪያውን ወደ ጋሽ ሎዳሞ አዞረ። "እንግዳ ይቀበል።"

"እኔም እንደሱ ነኝ፣ አባባ።"

ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ዞረ። "እኔም" አለ። ድሬሰሩ ሳይጠየቅ "እኔም" አለ።

አራት ሰዎች፣ በሰው ቤት፣ በመስቀል ቀን፣ በሽማግሌ ፊት። አያቴ ክንዱን አላጠፈም። መለኪያው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አረቄው በጣቶቹ ላይ ይፈሳል። በዚያ ጊዜ እርጅና መስሎኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይመስለኝም። ከዚያ መለኪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ቅቤ ካለበት ዕቃ በጣቱ ቆንጥሮ የአባቴን አናት ቀባ። ቀጥሎ ወደ ሦስቱ ሄደ፤ ጎሣቸውን ሳይጠይቅ፣ አንድ በአንድ አናታቸውን ቀባቸው። ጋሽ ኤርጫፎ ቅቤው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው አለ። ማንም አልተከራከረውም።

እናቴ ሳሙኤልን ከጭኗ አወረደችው። ነጠላዋን አውልቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችና ሥጋ ልትከትፍ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በኋላ አባቴ ስንት ዓመት እንደቆየና ስንት ጊዜ እንደወደቀ አልጽፍም፤ የሰው ሕይወት ማስታወቂያ አይደለም። እርስዎ ግን ይህን ሲያነቡ የአንድ ሰው ስም በአእምሮዎ መጥቷል። ምክር አይስጡት፤ ምክር ጠግቧል። "ሲቆርጥ ይተወዋል" ማለትዎንም ያቁሙ። መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች በከተማዎ የት እንዳሉ ዛሬ ይጠይቁ፤ ከዚያ ቤቱ ሄደው ይዘውት ይምጡ፣ ከእሱም ጋር አብረው ይግቡ።